ነጭ ጋዝ በአንዲት ክፍል ቤት፦ ከሽምብጥ የቀረበ ጥያቄና የተሰጡት መልሶች

ጥያቄው የቀረበው ከባሕር ዳር፣ ከሽምብጥ ሰፈር ነው። መብራት ሲጠፋ ወጡ በላምባ ምድጃ፣ ጥናቱ በኩራዝ፣ መኝታውም እዚያው በሆነባት አንዲት ክፍል ቤት ነጭ ጋዝ፣ ማለትም ላምባ፣ ጤናን ምን ያህል ይጎዳል? ጠያቂዋ እንደምትለው በሰፈሩ የሚባለው ነጭ ጋዝ እንደ እንጨት አያጨስም፣ እንደ ከሰልም አያፍንም፣ ስለዚህ ከሁሉ ይሻላል ነው። ይህ እውነት መሆኑን፣ ካልሆነም ሌላ አማራጭ እስኪገኝ ድረስ ጉዳቱን የሚቀንሰው ምን እንደሆነ፣ ልኩን ከነምክንያቱ እንዲነግሯት ጠይቃለች። ከጥያቄው ሥር የተጻፉትን መልሶች በቁጥራቸው ተራ እተርካለሁ። የሚደጋገሙትን አሳጥሬአለሁ፤ ሕይወት የሚያተርፉት ላይ ግን ቆም ብያለሁ።

1ኛው መልስ ትሕትና የተሞላ ነው። ጠያቂዋን እህቴ ብሎ ያመሰግንና የሰፈሩ አባባል ከእውነት ብዙ አይርቅም፣ ነጭ ጋዝ ከእርጥብ እንጨት በእርግጥ ያነሰ ጭስ አለው፣ መስኮት መክፈት ብቻ ይበቃል ይላል። 2ኛው ይስማማል፤ አንድ ምልክት ብቻ ይጨምራል። ኮርኒሱ ከምድጃው ወይም ከኩራዙ በላይ ከጠቆረ፣ ጠዋት ላይ ልጆች ሲናፈጡ መሐረቡ ጥቁር ከሆነ፣ የጠቆረው ኮርኒሱ ብቻ እንዳልሆነ ማወቅ ነው።

3ኛው መላሽ ሁለቱንም በአክብሮት ያርማል። በዓይን የሚታየው ጭስ መለኪያ አይሆንም፤ ሳንባ ውስጥ ጠልቆ የሚገባው ብናኝ ዲያሜትሩ ከ2.5 ማይክሮሜትር በታች ነው፣ ተበትኖ ሲንሳፈፍ ዓይን አያየውም። ከነጭ ጋዝ ነበልባል ደግሞ ብናኝ ብቻ አይወጣም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ፣ በነዳጁ ውስጥ ድኝ ካለ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ፣ ፎርማልዲሃይድ፣ እንዲሁም ካንሰር አምጪ የሆኑ ውሁዶች አብረው ይወጣሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ስለ ቤት ውስጥ ማገዶ ባወጣው መመሪያ ነጭ ጋዝን ለቤት አገልግሎት እንዳይጠቀሙበት ያሳሰበው በዚህ ምክንያት ነው። ጥናቶች የነጭ ጋዝን ጭስ ከአስም፣ ከሕፃናት የሳንባ ምች፣ ከዓይን ሞራ፣ ክብደቱ ዝቅ ብሎ ከሚወለድ ሕፃን ጋር አያይዘውታል። በኔፓል፣ በፖኻራ ከተማ በሴቶች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ጥናት ቲቢን ከነጭ ጋዝ ምድጃም ከነጭ ጋዝ መብራትም ጋር አዛምዶታል። መላሹ ጥንቃቄ አለው፦ ተዛመደ ማለት ምክንያቱ እሱ ብቻ ነው ማለት አይደለም፣ የማስረጃው ጥንካሬም ከበሽታ በሽታ ይለያያል ይላል። ይህን ያህል ቆጥቦ መናገሩ ነው መልሱን እንዳምነው ያደረገኝ።

4ኛው ስሌት ይዞ ይመጣል። ብርጭቆ የሌለው ኩራዝ ከሚያቃጥለው ነጭ ጋዝ በክብደት ከ7 እስከ 9 በመቶ የሚሆነውን ወደ ጥላሸት እንደሚለውጥ ተለክቶ ታውቋል። ወለሏ 3 በ3 ሜትር፣ ከፍታዋ 2.5 ሜትር የሆነች ክፍል 22.5 ሜትር ኩብ አየር ትይዛለች። ኩራዙ በሰዓት 10 ግራም ቢያቃጥል 0.8 ግራም ጥላሸት ይለቃል። በርና መስኮት ተከፍቶ የክፍሏ አየር በሰዓት 10 ጊዜ ቢለዋወጥ እንኳ ያ ጥላሸት የሚበተነው በ225 ሜትር ኩብ ውስጥ ነው፤ በአንድ ሜትር ኩብ 3,500 ማይክሮግራም ገደማ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያስቀመጠው ጣሪያ 15 ነው። ከ230 እጥፍ በላይ ብሎ ይደመድማል።

5ኛው ወዲያው ያስተካክለዋል። ስሌቱ ልክ ነው፣ ንጽጽሩ ግን ልክ አይደለም፤ 15 የሚለው ቁጥር የ24 ሰዓት አማካይ ነው። ኩራዙ በምሽት ለ4 ሰዓት ቢበራና በቀረው ጊዜ አየሩ ንጹሕ ነው ብንል አማካዩ 590 ገደማ ይሆናል፣ ከጣሪያው 40 እጥፍ ያህል። ቀጥሎ ግን ይህ ቁጥር ለክፍሉ ሁሉ የተካፈለ መሆኑን ያሳስባል። የሚያጠና ልጅ ፊደሉ እንዲታየው ፊቱን ወደ ኩራዙ ስለሚያስጠጋ የሚተነፍሰው ገና ያልተበተነውን ጭስ ነው። 4ኛው መላሽ ተመልሶ እርማቱን ያለ ክርክር ተቀብሏል። 40 እጥፍም ቢሆን መስኮት ተከፍቶ ነው፤ የ1ኛው መልስ መስኮት መክፈት ይበቃል ማለት እዚህ ላይ ይወድቃል።

6ኛው የጠያቂዋ የራሷ ነው፤ ፋኖስ ይሻል እንደሆነ ጠይቃለች። 7ኛው በአራት ይከፍለዋል። ኩራዝ ጥላሸቱ ከሁሉ የከፋ ነው። ፋኖስ ብርጭቆው አየርን ከታች ወደ ላይ ስለሚስብ ነበልባሉ የተሻለ አየር ያገኛል፣ ጥላሸቱም በብዙ ይቀንሳል፤ ብርጭቆው ከተሰነጠቀ ወይም ክሩ ከመጠን በላይ ከተነሣ ግን ከኩራዝ ብዙ አይለይም። ማሾ ነዳጁን በግፊት ወደ ትነት ስለሚለውጠው ጥላሸቱ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ብዙ ነዳጅ ስለሚበላና ሙቀቱ ከፍተኛ ስለሆነ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፣ በግፊት የተሞላ ዕቃም ስለሆነ ቸልታ አይወድም። ምድጃው እንደ አያያዙ ነው። ከአራቱ አንዱም ግን ንጹሕ የሚባል አይደለም።

8ኛው መልስ ከሁሉ ረጅሙ ነው፤ ምድጃ የሚጠግን ሰው እንደጻፈው ከቃላቱ ያስታውቃል። ባለ 10 ክር ምድጃን ለምሳሌ ይወስዳል። መጀመሪያ ምድጃው ይቀዝቅዝ፣ ነዳጁም ይገልበጥ። የጠቆረው የክር ጫፍ በስለታም መቀስ ቀጥ ተደርጎ ይቆረጥ፣ የተንጠለጠለ ጭራ አይቅርበት። ማንሻው እስከ መጨረሻ ሲዞር ሁሉም ክሮች ከቱቧቸው አፍ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ከፍ ብለው እኩል መቆም አለባቸው። አንድ ክር ብቻ ከሌሎቹ ከረዘመ በእሱ በኩል ቢጫ ምላስ ያወጣል፣ የድስቱን ቂጥ የሚያጠቁረውም ያ ምላስ ነው። ክሩ አጥሮ የነዳጅ መያዣው ታች ካልደረሰ ደግሞ ነዳጁ ግማሽ ሲሆን መሳብ ያቅተዋል፤ ያኔ የሚነደው ክሩ ራሱ ነው፣ ሽታውም የጨርቅ ሽታ ይሆናል። እንዲህ ከሆነ መቁረጥ ሳይሆን መለወጥ ነው። አዲስ ክር ከገባ በኋላ ነዳጁ እስኪጠጣ ግማሽ ሰዓት መታገሥ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ወደ ሁለቱ ባለ ቀዳዳ የቆርቆሮ ቀለበቶች ይሄዳል። ነዳጁ ወደ ትነት ተለውጦ ከአየር ጋር የሚቀላቀለው በእነዚህ መሐል ነው። ቀዳዳዎቹ በጥላሸትና ገንፍሎ በፈሰሰ ሽሮ ከተደፈኑ አየር አይገባም፣ ሰማያዊው ነበልባል ቢጫ ይሆናል። በደረቅ ብሩሽ ማጽዳት ይገባል። ቀለበቱ ጠሞ ከተቀመጠ አንድ ወገን ሰማያዊ፣ ሌላው ወገን ቢጫ ሆኖ ይነዳል። ነዳጅ የሚሞላው በቀዝቃዛ ምድጃ፣ ከቤት ውጭ፣ በማንቆርቆሪያ ነው፤ ሲሞቅ ስለሚሰፋ ከመያዣው ሦስት አራተኛ አይለፍ። ውኃ ከገባበት ነበልባሉ ይንጣጣል። የነጭ ጋዝ አንድ ሊትር ወደ 800 ግራም ብቻ ስለሚመዝን ውኃው ታች ይዘቅጣል፣ ክሩም መጀመሪያ የሚጠጣው እሱን ነው። ስለዚህ ከጀሪካን ሲቀዳ የመጨረሻዋን ጥቂት መተው ነው። ሲጠፋ ክሩን ዝቅ አድርጎ በራሱ እስኪሞት መጠበቅ ነው እንጂ በትንፋሽ እፍ አይባልም፣ ውኃም አይረጭበትም። ሲለኮስና ሲጠፋ የሚወጣው ያልተቃጠለ ትነት የከፋ ስለሆነ ውጭ ለኩሶ ነበልባሉ ሰማያዊ ሲሆን ማስገባት ይመክራል።

ይህችን የመጨረሻዋን ምክር 9ኛዋ መላሽ አትቀበልም፤ እኔም አልቀበልም። የበራ ምድጃ ከቦታው አይነሣም። ደፍ ላይ እግር ቢደናቀፍ፣ ነዳጁ ቢንቦጫረቅ፣ ጭሱ የሚያደርሰውን ጉዳት ማንም አያስታውሰውም። ዝናብ ከሌለ ከለኮሱበት በረንዳ ላይ ማብሰልና እዚያው ማጥፋት ነው። ቤት ውስጥ ግድ ከሆነም በተከፈተ በር አጠገብ፣ ከመጋረጃና ከአልጋ ርቆ፣ ሰፊና ደልዳላ ነገር ላይ ይቀመጥ። የሚነድበትን ሰዓት ማሳጠርም ከክር ማስተካከል አይተናነስም ትላለች፤ ሽምብራና ባቄላ ከማታው ይዘፍዘፍ፣ ድስቱ ይከደን።

10ኛው ስለ ከፍታ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 80 በመቶ ያህል ነው። ነበልባሉም ሰውም በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያገኙት ኦክስጅን በዚያው ልክ ያንሳል። በከፊል የተደፈነ ቀዳዳ እዚህ ቶሎ ቢጫ የሚያደርገው፣ ካርቦን ሞኖክሳይድም እዚህ ቶሎ የሚያዞረው ለዚህ ነው። 11ኛው ስለ ነፋስ ያክላል። ቀን ላይ ነፋሱ ከጣና ወደ ከተማው ይነፍሳል፣ ማታ ወደ ሐይቁ ይመለሳል። ስለዚህ ምሽት ላይ አየር የሚገባው ከሐይቁ ተቃራኒ በሆነው ወገን ነው፤ አንድ ብቻውን የተከፈተ መስኮት ብዙ አያመጣም። አንዱ ቀዳዳ ከታች በዚያ ወገን፣ ሌላው በትይዩው ኮርኒስ ሥር ቢሆን የሞቀው አየር በራሱ ይወጣል።

ከዚህ ወዲያ ድምፁ መሻከር ይጀምራል። 12ኛው መላሽ የክር መቁረጥ ጣጣ አያስፈልግም ባይ ነው፤ ነዳጁ ሙልጭ ብሎ እስኪያልቅ ማንደድ ክሩን ያጸዳል ይላል። 13ኛው እርስዎ ማለቱን ትቶ በአንተ ይመልስለታል። ያ ዘዴ የሚሠራው ከመስታወት ጭረት ለተሠራ ክር ብቻ ነው፤ በብዙ ቤት ያለው የጥጥ ክር ስለሆነ ነዳጅ ሲያጣ ራሱ ይቃጠላል፣ ያጥራል፣ ያጨሳል። የማያውቁትን ለእናቶች መምከር ምንድን ነው ብሎም ይቆጣል። ቁጣው በዝቷል፤ ነገሩ ግን ትክክል ነው።

14ኛው ወደ ነዳጁ ጥራት ይወስደናል፤ እዚህ ላይ ጉዳዩ ከጭስ ወደ እሳት ይዞራል። ንጹሕ ነጭ ጋዝ በክብሪት ለመያያዝ የሚበቃ ትነት የሚሰጠው ከ38 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲሞቅ ነው። ቤንዚን ግን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይ እንኳ ይበቃዋል። ጥቂት ቤንዚን የተቀላቀለበት ነጭ ጋዝ ስለዚህ በክፍል ሙቀት ይያያዛል፤ ምድጃው ሲለኮስ ነበልባሉ ክሩ ላይ አይቆምም፣ ወደ መያዣው ይገባል። በሐይቁ ዳር ይህ የሚደርስበትን አንድ መንገድ ይጠቅሳል፦ የሞተር ጀልባ ቤንዚን የተመላለሰበት ጀሪካን ሳይለይ ለነጭ ጋዝ ሲውል ነው። ጀሪካኑ ቢገለበጥም ታችና ጆሮው ውስጥ የሚቀረው ይበቃል። ቀትር ላይ ፀሐይ የሚመታው በረንዳ ላይ የተቀመጠ ጀሪካንም ንጹሕ ነጭ ጋዝ ይዞ እንኳ 38 ዲግሪን ሊያልፍ ይችላል።

15ኛው ለዚህ ፈተና አለው፤ በሳህን ጥቂት አፍስሶ ክብሪት መጣል። 16ኛው ጣልቃ ገብቶ ይህን የጻፈው ሰው እንዲያጠፋው ይጠይቃል። ቤንዚን ካለበት ፈተናው ራሱ ፊት ያቃጥላል፣ የቀረበ ጀሪካንም ይያያዛል። ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ ማንጠብጠብ ይሻላል። ቤንዚን በደቂቃዎች ውስጥ ተኖ ይጠፋል፣ ነጭ ጋዝ ቅባታም ነጠብጣቡን ለረጅም ጊዜ ይተዋል። ግን ይህም ቢሆን ብዙ ቤንዚን ያለበትን ነው የሚያጋልጠው፤ አደገኛ የሆነችው ጥቂቷ በወረቀት ላይ አትታይም። ስለዚህ ከማደያ መግዛት፣ ለነጭ ጋዝ ብቻ በተለየ ጀሪካን መያዝ፣ ሽታው ከወትሮው የሚሰነፍጥ ከሆነም አለመለኮስ። የጋመ የከሰል ፍም ላይ ነጭ ጋዝ ማፍሰስንም እዚሁ ያነሣል። ፍሙ ነዳጁን ወዲያው ነጭ ደመና ያደርገዋል፣ ደመናው በአንድ ጊዜ ይያያዝና እሳቱ ሲፈስ የነበረውን መስመር ተከትሎ ወደ እጅ ይወጣል።

17ኛው ከርዕሱ ወጣ። ጢስ ዓባይ እ.ኤ.አ. በ1964፣ በለስ ደግሞ 460 ሜጋ ዋት ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2010 ኃይል ማመንጨት የጀመሩት በጣና ውኃ ነው፤ የውኃው ባለቤት ሕዝብ ግን በኩራዝ ያነባል ይላል። ሦስት ሰዎች ተከታትለው ደገፉት፣ አንዱ ደግሞ ከ18 እስከ 20 ያለው ሁሉ ጩኸት ነው ብሎ ሰደበ። ቅሬታው ተገቢ ነው፤ የጠያቂዋን ምሽት ግን አይለውጥም። 21ኛው ብቻ ፍሬ ያለው ነገር ይዞ ተመለሰ፦ መብራት ባለበት ሰዓት የሚሞላ ወይም በፀሐይ የሚሠራ ትንሽ አምፖል ኩራዙን ሙሉ በሙሉ ያስቀራል። ምድጃውን መተካት ይከብዳል፣ ኩራዙን መተካት ግን ቀላል ነው፤ ብር የሚበቃው ለአንዱ ብቻ ከሆነም ከኩራዙ ይጀመር። ከጥላሸቱ መጠን አንጻር እኔም የምለው ይህንኑ ነው።

22ኛው እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ጣናን የወረረውን እምቦጭ አድርቆ፣ አክስሎ፣ ጨፍልቆ እንደ ከሰል ማንደድ አይቻልም ወይ ይላል። 23ኛው ይቻላል ግን ቤት ውስጥ አይሆንም ይለዋል። ከምንም ይሠራ፣ ፍም የሆነ ከሰል ጭስ ሳይኖረው ካርቦን ሞኖክሳይድን በብዛት ይለቃል፣ ሽታም ቀለምም የለውም። ቤተሰቡ በአንድ ጊዜ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመረው፣ ውጭ ሲወጣም ከተሻለው፣ ምክንያቱ ምግቡ አይደለም። ሰውየውን ወደ ንጹሕ አየር ማውጣት፣ ከዚያ ኦክስጅን ወዳለበት ጤና ተቋም መውሰድ ነው። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ በዚህ መመረዝ ጊዜ ደህና የሚመስል ቁጥር እንደሚያሳይ መላሹ ያስጠነቅቃል፤ መሣሪያው ኦክስጅን የተሸከመውን ደም ካርቦን ሞኖክሳይድ ከያዘው አይለይም። ምን ሲነድ እንደነበረ ለሐኪሙ መናገር የግድ ነው።

እስከዚህ ድረስ ማንም ያላነሣውን 24ኛዋ መላሽ አነሣችው። ከጭሱ ይልቅ ፈጥኖ የሚገድለው ሃይላንድ ውስጥ ያለው ነው። ነጭ ጋዝ በችርቻሮ ሲገዛ በውኃ ፕላስቲክ ይቀዳል፤ መልኩ ውኃ ይመስላል፣ የሚቀመጠውም ወለል ላይ፣ ከምድጃው አጠገብ ነው። ገና መራመድ የጀመረ ሕፃን ደግሞ ሃይላንድ ሲያይ የሚያውቀው የሚጠጣ ነገር ነው። አንድ ጉንጭ ይጎርሳል፣ ያንቀዋል፣ ያስላል።

25ኛው አትደናገጡ፣ ወዲያው ወተት መስጠት ወይም ጣት ጨምሮ ማስመለስ ነው፣ አባቶቻችን ያደርጉት የነበረው ይህ ነው ይላል። 26ኛው በቁጣ ነደደ። ማስመለስ ልጅ ይገድላል፣ አባትን መጥራትም ሳንባን አያድንም ብሎ ጻፈ። 27ኛው የቀደመውን ሰው እንዳልተከበረ ቆጥሮ ሊከራከር ሲል 28ኛዋ ነገሩን አረጋግታ ምክንያቱን አስረዳች። ከመልሶቹ ሁሉ በጥንቃቄ መነበብ ያለበት ይህ ነው።

ነጭ ጋዝ ሆድ ውስጥ ሲገባ ከአንጀት ወደ ደም የሚያልፈው ጥቂት ነው። የሚጎዳው ወደ ሳንባ የሚገባው ነው። በጣም ቀጭን ፈሳሽ ስለሆነ ጉሮሮ ላይ ትንሽ ትንታ ሲኖር ወደ አየር ቧንቧ ይሾልካል፤ እዚያም የሳንባን ጥቃቅን ከረጢቶች ከፍቶ የሚይዘውን ስስ ልባስ ያጠፋዋል፣ ከረጢቶቹ ይሟሽሻሉ፣ ሳንባው ይቆጣል። ለዚህ ከአንድ ሚሊ ሊትር በታች እንኳ ይበቃል። ሲያስመልሰው ያው ነዳጅ በዚያው ጉሮሮ ለሁለተኛ ጊዜ ያልፋል። ወተት፣ ዘይት፣ የጨው ውኃ፣ የከሰል ዱቄት ሁሉ ሆድን ሞልተው ማስመለስን ስለሚጠሩ አይሰጡም። ጤና ተቋምም ሆዱን በቱቦ አያጥብም፤ ቤተሰብ ለምን አላጠባችሁለትም ብሎ መቆጣት የለበትም።

ማድረግ የሚገባው ይህ ነው። አፉን በንጹሕ ጨርቅ መጥረግ። የነካውን ልብስ ማውለቅ፣ ቆዳውን በሳሙናና በውኃ ማጠብ፤ ነጭ ጋዝ የነከረው ልብስ ቆዳ ላይ ሲቆይ እንደ እሳት ይልጣል። ቀና አድርጎ ማቀፍ። ቢያስመልሰው ወደ ፊት ማጎንበስ። ከዚያ ሳይውል ሳያድር በባጃጅም ሆነ በተገኘው ወደ ጤና ተቋም መውሰድ። ከጠጣ ጀምሮ የሚያስል፣ ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ፣ ሲተነፍስ የሚያቃስት፣ የጎድን አጥንቱ ሥር የሚሰረጉድ ወይም ከንፈሩ የጠቆረ ልጅ ነዳጁ ሳንባው ውስጥ ገብቷል። ምንም ምልክት የሌለውም ቢሆን ቢያንስ 6 ሰዓት በሐኪም ዓይን ሥር መቆየት አለበት፤ የገባበት ደግሞ በቀጣዮቹ አንድና ሁለት ቀናት ሊብስበት ይችላል፣ ትኩሳትም ይመጣል። ከጣናው ከዘጌ ወይም ከደቅ ደሴት የሚነሣ ሰው ከጀልባው ጉዞ የተነሣ እስኪብስ መጠበቅ አይችልም፤ ምልክት ሳይታይ መነሣት አለበት። የተጠጣበት ፕላስቲክም ከነክዳኑ አብሮ ይሂድ። አንዳንድ የተባይ ማጥፊያ መድኃኒት በነጭ ጋዝ ዓይነት ፈሳሽ የሚሟሟ ስለሆነ ሽታው ይመሳሰላል፣ ሕክምናው ግን ፍጹም ይለያል።

25ኛው መላሽ ለዚህ መልስ አመስግኖ ጽፏል። 26ኛውም ለቃሉ ይቅርታ ጠይቋል።

29ኛዋ ሌላውን የተለመደ አጠቃቀም አነሣች፤ ለትኋን የአልጋ ስንጥቅ ውስጥ፣ ለቅማል ደግሞ የልጅ ራስ ላይ መቀባት። ፍራሽ የጠጣው ነጭ ጋዝ ሌሊቱን ሙሉ ይተናል፣ ራስ ያዞራል፤ በዚያ ላይ አንድ ክብሪት ይበቃዋል። ራስ ላይ የተቀባው ደግሞ የቆዳውን ቅባት አጥቦ ያቆስላል፣ ምድጃ አጠገብ ለቆመች ልጅ ጸጉሯ ክር ይሆናል። ትኋንን ሙቀት ይገድለዋል፤ እዚህ ከፍታ ላይ ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ትኋን ከ55 ዲግሪ በላይ ወዲያው ይሞታል። የፈላ ውኃ በስንጥቁ ላይ፣ አንሶላና ብርድ ልብስ በትኩስ ውኃ። ለቅማል ማበጠሪያና ከፋርማሲ የሚገኝ መድኃኒት አለ። ሌላ ሰው ለወባ ትንኝ ኩሬ ላይ ስለሚፈስሰው ጠይቆ ነበር፤ ኩሬውን ማድረቅና አጎበር ውስጥ መተኛት ይሻላል፣ የሚፈሰው ዘይት ወደ ሐይቁ ነው የሚሄደው ተብሎ ታለፈ።

30ኛው ስለ ቃጠሎ አጭርና ጥብቅ ነው። የበራ ኩራዝ ወይም ምድጃ ላይ ነዳጅ አይጨመርም፤ ማታ ላይ ከማጥፋት ስንፍና የሚመጣ አደጋ ነውና ገና በቀን ብርሃን መሙላት ነው። እሳት ከተነሣ ውኃ አይረጭ፣ ነጭ ጋዙ በውኃው ላይ ተንሳፍፎ እሳቱን ይዞት ይሄዳል። አሸዋ፣ አፈር፣ ወይም በውኃ የራሰ ጋቢ ከላይ መጣል። ልብሱ የተያያዘ ሰው አይሩጥ፣ መሬት ላይ ይንከባለል። የተቃጠለውን ቦታ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ ለ20 ደቂቃ ማብረድ፤ በረዶ አይሁን። ጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ የቡና ዱቄት ሙቀቱን ውስጥ ያፍናል፣ ቁስሉን ያቆሽሻል፣ ሐኪሙም ጥልቀቱን እንዳያይ ይከልላል። በንጹሕ ጨርቅ ላላ አድርጎ ሸፍኖ መውሰድ ነው። ፊት፣ እጅ ወይም ብልት ከተቃጠለ ትንሽም ቢሆን ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል መድረስ አለበት።

31ኛው የጠያቂዋ ነው። ኩራዙን እንደምትተው፣ ምድጃውን ወደ በረንዳ እንደምታወጣ፣ ሃይላንዱን እንደምትጥል ጽፋ አንድ ነገር ጠየቀች፤ ነጭ ጋዝ የነበረበትን ቢጫ ጀሪካን በኦሞ አጥቦ ለመጠጥ ውኃ ማዋል ይቻላል? 32ኛው አይቻልም ይላል። የጀሪካኑ ፕላስቲክ ነጭ ጋዙን ራሱ ይጠጣዋል፣ ሳሙና የሚያጥበው ላዩን ብቻ ነው፣ የተጠጣው ደግሞ ለወራት ቀስ እያለ ወደ ውኃው ይመለሳል። የውኃው ጀሪካንና የነዳጁ አንድ ዓይነት ቀለም ካላቸው በነዳጁ ጆሮ ላይ ቀይ ጨርቅ በሽቦ ይታሰር፤ ክዳኑ ጠብቆ፣ ከልጅ እጅ በላይ፣ ከምግብና ከምድጃ ርቆ፣ ጥላ ውስጥ ይቀመጥ፤ የሚገዛውም ለሳምንት የሚበቃው ብቻ ይሁን።